ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የአንባቢያን ጥያቄና የሲስተር መልስ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። 21 ዓመቴ ነው። የምኖረው አዘዞ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው፤ የምማረው ማራኪ ግቢ። ነገሩ የጀመረው ካቻምና በዐቢይ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር። ሰው ሁሉ «እንዴት አምሮብሻል» አለኝ። ፋሲካ ሲመጣ መፈሰክ ፈራሁ። መጀመሪያ ዘይት ተውኩ፤ ቀጥዬ እንጀራ። ቤት ውስጥ ወጥ የምሠራው እኔ ነኝ። ሌሊት ቲክቶክ ላይ ምግብ ሲሠራ ሳይ አነጋለሁ። ግን አልበላም። ለእናቴ «በልቻለሁ» ብዬ እምልላታለሁ። ፔሬዴ ከቀረ ስምንት ወር ሆነው። ባለፈው ከባጃጅ ስወርድ ራሴን ስቼ ወደቅኩ። ሐኪሙ ደሜንና ልቤን መርምሮ ወደ አእምሮ ሕክምና ላከኝ፤ እዚያ ያገኘኋት ዶክተር ደግሞ ለሐሙስ የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ቀጠሮ አስያዘችልኝ። እውነቱን ልንገርዎት? ከመርፌውም ከመድኃኒቱም በላይ የፈራሁት ይህችን ሴትዮ ነው። አስገድዳ የምታወፍረኝ ይመስለኛል። ደግሞ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ምን ላድርግ?
ሀ. ከአዘዞ

መልስ፦ ልጄ፣ ሐሙስ ሂጂ። ሌላውን፣ አኖሬክሲያ የሚባለውን የአመጋገብ በሽታ የሚመስለውን ሕመምሽን፣ ቀስ ብለን እናወራዋለን።

«ይህችን ሴትዮ» ያልሻት እኔ ነኝ። አንቺ የምታገኚያት ሌላ ትሆናለች፤ ሥራችን ግን አንድ ነው። ነርስ ሆኜ ጀመርኩ፣ ኋላ ሥነ ምግብ ተማርኩ፤ እዚሁ ጎንደር ስሠራ 20 ዓመት አለፈኝ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ሆኜ ምን እንደሚጠብቅሽ ልንገርሽ።

ስትገቢ ሚዛን ላይ አውጥታ የምትቆጣሽ ይመስልሻል። እኔ በመጀመሪያው ቀን የማደርገው መጠየቅ ነው። ትናንት የመጀመሪያውን ጉርሻ የበላሽው በስንት ሰዓት ነው? ይበርድሻል? ፀጉርሽ ይነቀላል? ሆድሽ ይደርቃል? ከተቀመጥሽበት ስትነሺ ያዞርሻል? ታስመልሻለሽ ወይ? የሚያስቀምጥ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ? የትኛውን ምግብ ነው ከሁሉ አብልጠሽ የምትፈሪው? ልጅ ሳለሽ ምን ትወጂ ነበር? ይህቺን የመጨረሻዋን ጥያቄ ስጠይቅ ብዙዎቹ ያለቅሳሉ። አንዷ የአያቷን ጭኮ ስታነሳ እንባዋ ቀደማት። ጭኮውን ከቀመሰች አራት ዓመት ሆኗት ነበር።

ሚዛኑም አይቀርም። ግን ፊትሽን አዙረሽ መመዘን ትችያለሽ። ቁጥሩን እኔና ሐኪምሽ እናየዋለን፤ አንቺ የግድ ማየት የለብሽም። ይህንን ሐሙስ ዕለት ራስሽ ጠይቂ። መብትሽ ነው፤ የምታክምሽም ትረዳሻለች።

አሁን ስለ ቲክቶኩ። እሱ ጉዳይ የሚያሳፍርሽ ይመስለኛል። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያስተዋልኩት እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ ላይ አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። ፈቃደኞች ነበሩ። ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። ከዚያ የሆነውን ስሚ። ሌሊት ስለ ምግብ ያልማሉ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። አንዲት ሳህን ምግብ ይዘው ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ይቆራርጧታል፣ ያቀላቅሏታል። በሙቀት ቀን ይበርዳቸዋል። ይነጫነጫሉ፣ ከሰው ይሸሻሉ። ከነዚህ ወንዶች ቀጭን ልሁን ብሎ የገባ አንድም አልነበረም። የተራበ አእምሮ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። አንቺም ሌሊት ምግብ ሲሠራ ስታዪ የምታነጊው ተርበሽ ነው። በሽታው «አልራበኝም» ያሰኝሻል፤ ዓይንሽ ግን ምግብ ፍለጋ ያድራል።

ለዚህ ነው ለጊዜው «ሲርብሽ ብዪ» የማንልሽ። የረሃብና የጥጋብ ስሜትሽ ታውኳል። እሱ እስኪመለስ በሰዓት ትበያለሽ፣ መድኃኒት በሰዓት እንደሚዋጠው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፤ በመሃል ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከሦስት፣ ቢበዛ ከአራት ሰዓት በላይ አይሆንም። ለምሳሌ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ቁርስ፣ አራት ሰዓት ላይ በሶ ወይም ዳቦ በሻይ፣ ሰባት ሰዓት ምሳ፣ አሥር ሰዓት ከቡና ጋር ቆሎ፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል እራት፣ ከመኝታ በፊት አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም አጥሚት። መጠኑን እኔ እዚህ አልጽፍልሽም። ያንን የምትወስነው የደም ምርመራሽን የያዘችው ባለሙያ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ይህን አንብበሽ ተደስተሽ ነገ በአንዴ ብዙ ልብላ እንዳትዪ። ረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባለት በደም ውስጥ ያለው ፎስፈረስ፣ ፖታሺየምና ማግኒዥየም ሊወርድ ይችላል። ልብ ይታወካል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ሲገባ አይተሽ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው ቀለል ያለው ኤፍ-75 የሚባለው ወተት ነው፤ ሲረጋጋ ነው ወደ ኤፍ-100 እና ፕላምፒ ነት ወደሚባለው የኦቾሎኒ ምግብ የሚያልፈው። እናቶች «ልጄ በረሃብ ሊሞት ነው፣ ለምን አትጨምሩለትም?» ብለው ይቆጡናል። የምንቆጥበው ፈርተንለት ነው። አንቺም ዘንድ ነገሩ ያው ነው፤ ለዚህ ነው ሐኪም፣ የአእምሮ ሐኪምና የሥነ ምግብ ባለሙያ አብረው የሚይዙሽ። እግርሽ ካበጠ፣ ልብሽ ከተዛባ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም እንደገና ራስሽን ከሳትሽ ሐሙስን አትጠብቂ፤ ያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

«ታወፍረኛለች» ላልሽው አልዋሽሽም። ክብደትሽ ይጨምራል። መጨመርም አለበት፤ ፔሬድሽ የሚመለሰው፣ አጥንትሽ ከመሳሳት የሚተርፈው በዚያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ጨጓራሽ ሥራ ስለፈታ ትንሽ በልተሽ ሆድሽ ይነፋል፤ ፊትሽና ቁርጭምጭሚትሽ ትንሽ ውሃ ሊቋጥር ይችላል። መጀመሪያ ሆድሽ አካባቢ ይታይሻል። ያን ጊዜ ነው ብዙዎች «ይኸው! እንደፈራሁት» ብለው የሚሸሹት። በሰዓቱ መብላት ከቀጠልሽ ጨጓራው በሳምንታት ውስጥ ሥራውን ያስታውሳል፤ ሰውነትም ጊዜ ሲሰጠው ያገኘውን ለሁሉም ክፍሉ ያከፋፍላል። እብጠቱን ግን ደብቀሽ አትያዢው፤ ትንሹንም ለሐኪምሽ አሳዪ፤ እግርሽ ካበጠ ደግሞ ቀደም እንዳልኩሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስለ ጋራ ገበታ ላንሳ፤ ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ስለዚህ ምንም አይነግረኝም። መሶባችን ለእንደዚህ ያለ በሽታ መደበቂያ ነው። እንጀራውን ትንሽ ትንሽ መቁረስ፣ ወጡን ወደ ወንድም መግፋት፣ እናትን ደጋግሞ ማጉረስ። ከውጭ ሲታይ ፍቅር ነው፤ ሰው ሁሉ ጠግቦ ሲነሳ አንቺ ምን ያህል እንደበላሽ ማንም አያውቅም። አንቺ ይህን አላልሽም። ግን «በልቻለሁ» ብለሽ ለእናትሽ ከማልሽ፣ ትሪው ላይ ምን እንደምታደርጊ እገምታለሁ። በሌላ አገር «የራስሽ ሳህን ይኑርሽ» ይባላል። እኛ ቤት ለብቻ መብላት ቅር ያሰኛል፤ እናትም ትከፋለች። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። እናት ወጡን ልጅቷ ፊት ለፊት ታወጣለች፤ እንጀራውም አብሮ ይለያል። የፊትሽን ብዪ ተብለን አይደል ያደግነው? ያ የፊትሽ ድርሻ ያልቃል። ጉርሻ ከሰጡሽ በላዩ ላይ ነው፤ ከድርሻሽ አይቀነስም። አንቺ ግን ለጊዜው ማንንም አታጎርሺም። እናትሽን ሐሙስ ይዘሻት ብትሄጂ ይህን አብራችሁ ትሰሙታላችሁ። በሐሰት የማልሽላትንም እዚያው ንገሪያት። የአእምሮ ሐኪምሽ አጠገብሽ ሆና ብትነግሪያት ይቀልሻል።

የሚያስፈሩሽን ምግቦች ደግሞ ከትንሹ ወደ ትልቁ ትደረድሪያለሽ፤ እንደ መሰላል። የአንዷ ታካሚዬ መሰላል ከታች ሽሮ ነበር፤ ቀጥሎ ዘይት ያለው ምስር፣ ከዚያ ፍርፍር፣ ከዚያ ጨጨብሳ፣ ጫፉ ላይ ዶሮ ወጥ በቅቤ። አብረን ፍርፍር የበላን ቀን ክፍሌ ውስጥ 50 ደቂቃ ተቀመጥን። እኔም በላሁ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ደግመን በላን፤ 30 ደቂቃ ፈጀ። ወሩ ሳይሞላ ፒያሳ ከጓደኛዋ ጋር ተቀምጣ በላች። ዶሮ ወጡ ዓመት ፈጀ። ዓመት ማለት ብዙ አይደለም፤ እንዳትደነግጪ።

አንድ ጥፋቴንም ልናዘዝ። ሥራ እንደጀመርኩ አንዲት ልጅ መጣችልኝ። እኔ ያኔ የማውቀው የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ መምከር ነበር። የምግቦችን ካሎሪ የዘረዘረ ወረቀት ሰጠኋት። የሚረዳት መስሎኝ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ወረቀቱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ይዛዋለች። በሽታዋ መሣሪያ አገኘ። ስትመነምን አየኋት። በኋላ በሌሎች እጅ ዳነች፤ እኔ ግን ያቺን ወረቀት አልረሳትም። ከዚያ ወዲህ ለእንደዚህ ያለ ታካሚ ቁጥር አልሰጥም። ማስታወሻ ደብተር ይዛ ትመጣለች፤ የምትጽፈው ሰዓቱን፣ የበላችውን፣ ስትበላ የተሰማትን ብቻ ነው። ግራምም ካሎሪም የለም። ሐሙስ የምታገኚያት ባለሙያ የካሎሪ ዝርዝር ከሰጠችሽ፣ ወይም «በትንሹ ብትቀንሺ ጥሩ ነው» ካለችሽ፣ ለአእምሮ ሐኪምሽ ወዲያው ተናገሪ። ሌላ ባለሙያ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጾሙ። ይህን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው፤ እኔም ጿሚ ነኝ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። አንቺ ዘንድ በሽታው የገባው በዚያ በር ነው፤ በዚያው በር ደግሞ ሊመለስ ይፈልጋል። «ጾም ነው» ካልሽ ማንም አይጠይቅሽም፤ እንዲያውም ያመሰግኑሻል። ዘንድሮ አትጹሚ። ይህን የምልሽ እንደ ባለሙያ ነው። እንደ አማኝ ደግሞ ንስሐ አባትሽን አናግሪ፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰውን በጾም አታስጨንቅም። የዛሬ ስምንት ዓመት አንዲት ታካሚዬን ይዤ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሁሉንም ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ መጨረሻ የበላችው መቼ እንደሆነ ጠየቋት። ቀኖናዋን ለወጡላት። ስግደት ሊያዟት ሲሉ «አባ፣ ስግደትም ጉልበት ይፈጃል፤ ልቧ አይችልም» አልኳቸው፤ ተቀበሉኝ። ምጽዋትና የዳዊት ጸሎት ሰጧት። ልጅቷ ከዚያ ስትወጣ ፊቷ ፈክቶ ነበር፤ ከኔ መቶ ምክር ያ አንድ ቃል በልጦባታል። ደብዳቤ ለሚጽፉልኝ ሙስሊም እህቶቼም በረመዳን ያው ነው፤ የታመመ ሰው ፈቃድ አለው፤ ሼኻችሁን ጠይቁ።

አሁንም ደግሜ ልበል። ሐሙስ ሂጂ። ይህን ደብዳቤሽን አትመሽ ያዥ፤ አፍሽ ከተሳሰረ አውጥተሽ ስጫት።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ። ልጄ 15 ዓመቷ ነው። በልታ ስታበቃ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፤ እንደምታስመልስ ደርሼበታለሁ። ጎረቤት ቡዳ ነው አለኝ። ጠበል ወሰድኳት፤ እዚያም ስታስመልስ «ወጣላት» አሉን። ግን አልተሻላትም። እኔ ምን አጠፋሁ?
እናት፣ ከቀበሌ 18

መልስ፦ እናቴ፣ ምንም አላጠፉም። ይህ በሽታ ነው፤ ስሙ ቡሊሚያ ይባላል፤ እሱ መሆኑን ግን የሚወስነው ሐኪም ነው። ጠበሉን ይተዉ አልልዎትም። ነገር ግን በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ ለእሷ አደጋ ነው። ደጋግሞ ሲያስመልስ ሰው ፖታሺየም ያጣል፤ ፖታሺየም ሲወርድ ልብ ሥርዓቱን ይስታል። መጠመቁ ይበቃታል፤ ለአጥማቂውም መታመሟን ይንገሯቸው። በዚህ ሳምንት ውስጥ ደሟን ያስመርምሩ፤ ልቧንም በኢሲጂ (የልብ ምት መመርመሪያ) ያሳዩ። ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ልጅዎ አበደች ማለት አይደለም፤ ይህን በሽታ የሚያክሙት እነሱ ናቸው።

በዚህ ዕድሜ ላለች ልጅ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ከልጅቷ ይልቅ ከእርስዎ ጋር ብዙ ትሠራለች። ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚበላ ለጊዜው የሚወስኑት ወላጆች ናቸው። ስትበላ አጠገቧ ይቀመጡ፤ ከበላች በኋላም አንድ ሰዓት አብረዋት ይሁኑ። ቡና ያፍሉ፣ ጥልፍ ይያዙ፣ ተከታታይ ድራማ ይዩ። ስለ ምግቡ አያውሩ። አይቆጧት፣ ከሌላ ልጅ ጋር አያወዳድሯት። ቁርስ እንዳትዘል ይጠብቋት፤ ቀኑን ሙሉ የተራበች ልጅ ማታ ላይ ራሷን መግዛት ያቅታታል፣ ከዚያ ደግሞ ታስመልሳለች። ካስመለሰች አፏን በውሃ ትጉመጥመጥ፤ ወዲያው ጥርሷን አትቦርሽ፤ አሲዱ ያለሰለሰውን ጥርስ ቡሩሹ ይጨርሰዋል። ለጎረቤት ደግሞ «ጨጓራዋን እያሳከምኳት ነው» ቢሉ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኔ ወንድ ነኝ፣ 26 ዓመቴ። ጂም እሠራለሁ። ቀን ላይ እቆጥባለሁ፤ ሌሊት ተነስቼ ያገኘሁትን ሁሉ እበላለሁ፤ በማግስቱ ራሴን ለመቅጣት ምንም አልበላም። ይህ የሴቶች በሽታ አይደለም እንዴ?
ተ. ከፒያሳ

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ወንዶችም ይታመሙበታል፤ የሚያዘገያቸው እንዳንተ ማፈራቸው ነው። የሌሊቱን መብላት በጉልበት ልታቆመው አትሞክር። የሚቆመው ከጠዋቱ ነው። ቀን የቆጠብከውን ሰውነትህ ሌሊት ያስከፍልሃል፤ ቅጣቱ ደግሞ የሚቀጥለውን ሌሊት ይወልደዋል። ነገ ጠዋት፣ ዛሬ ሌሊት የሆነው ምንም ይሁን ምን፣ ቁርስህን ብላ። ዳቦ በእንቁላል ይሁን ፍርፍር፣ ብላ። ከሦስት ሰዓት በኋላ መክሰስ፣ ከዚያ ምሳ። በሳምንቱ ሌሊቱ እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ። እስከዚያው ለሐኪም ቀጠሮ ያዝ፤ ጂም ውስጥ የሚሸጡልህንም ዱቄትና ክኒን ይዘኸው ሂድና አሳያቸው።